ከጁፒተር በፊት ዳሞታ

እስቲ በቀላል ጥያቄ እንጀምር። የአባያ ሐይቅ ውኃ ለምንድን ነው የቀላው?

ከሶዶ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሁሉ አይቶታል። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ በስተግራ ተዘርግቶ የሚታየው ሐይቅ ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት ጠብ እንዳለበት ሻይ ያለ ቀይ ቡናማ ነው። ጥያቄውን ለሰፈራችን ልጆች ብናቀርብላቸው ግማሾቹ «ድሮም እንዲሁ ነው» አሉን፤ የቀሩት «እንጃ» ብለው አለፉን። እነዚሁን ልጆች ግን ስለ ጁፒተር ጠይቋቸው። ፕላኔቱ ላይ የሚታየው ትልቁ ቀይ ነጥብ ማዕበል መሆኑን፣ ስፋቱ ከመሬት እንደሚበልጥ፣ ለብዙ ዘመን ሳያባራ እንደሚሽከረከር አንድ በአንድ ይተነትኑላችኋል። የት አወቁት? ስልክ ላይ፣ በቪዲዮ።

እንግዲህ የጁፒተርን ቅላት የሚያውቅ ልጅ አጠገቡ ያለውን የአባያን ቅላት አያውቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

መልሱ ሩቅ አይደለም። ብላቴን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያወርዱት ብረት ያዘለ ደቃቅ አፈር ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ቅንጣቶቹ እጅግ ትናንሽ ስለሆኑ ቶሎ አይዘቅጡም፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለውም ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል። ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ እፍኝ ቀይ አፈር ጨምሩበት፣ ውኃ ሙሉትና በደንብ በጥብጡት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጠብቁ። አሸዋው ወዲያው ታች ይቀመጣል፤ ደቃቁ ግን ሰዓታት አልፈውም ውኃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ያ ሃይላንድ ትንሹ አባያ ነው። አባያን ያቀላው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው ማለት ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚሸሸው ለም አፈር እዚያ ታች ተጠራቅሞ ለጎብኚ ፎቶ ይሆናል።

ይህን ለማስረዳት አራት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። በወላይትኛና በአማርኛ፣ በዚሁ ሃይላንድ፣ በዚሁ አፈር። ነገራችን እሱ ነው። ዛሬ ወጣቱ ሳይንስን ከመጽሐፍ ይልቅ በቪዲዮ እየተማረ ነው፤ ይሁን፣ እሰየው። ነገር ግን ቪዲዮው የሚያሳየው የሰው አገር እሳተ ገሞራ፣ የሰው አገር በረዶ፣ የሰው አገር ላቦራቶሪ ነው። የራሱን ደጅ የማያሳይ ሳይንስ ደግሞ ተመልካቹን የሚያስተምረው አንድ ትልቅ ውሸት ነው፦ ሳይንስ ሌላ ቦታ የሚሆን ነገር ነው የሚል ውሸት። እኛ ይህንን ውሸት ለመቃወም ነው ዛሬ ብዕር ያነሳነው። ምክንያቱም ዋጋው ውድ ነው። በወላይታ ዋጋው እግር ነው፤ አንዳንዴም ሕይወት።

የእግራችን ሳይንስ

ዳሞታ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በብዙ ዝናብና በብዙ ሺህ ዓመታት የተሠራው ቀይ አፈር ነው ሕዝቡን ያኖረው። እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ በቆሎው የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው። ይኸው አፈር ግን በባዶ እግር ለሚረግጠው ሰው ሌላ ገጽታ አለው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ዘልቀው ሊምፍ በሚባለው ፈሳሽ መመለሻ ቧንቧዎች ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሰውነት ሊያስወግዳቸው ሲታገል ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፤ እግር ያብጣል። ይህ ነው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ብዙው ሰው በደፈናው «ዝሆኔ» የሚለው በሽታ። በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ይለያል። ትል የለበትም፣ ተሕዋስ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በወላይታ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ስርጭቱን 5.46 በመቶ አድርሶታል፤ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በወቅቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አሰላ። ታማሚው ከሥራ ቀኑ ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል። ይህ ሁሉ ኪሳራ የሚመጣው በምን ጉድለት ነው? በጫማ፣ በሳሙናና በእውቀት። እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ እብጠቱ በጀመረ ጊዜ ቶሎ መታከም፤ በቃ። ሶዶ ላይ ሥራውን የጀመረው ሞሲ ፉት የተባለው ድርጅት ታማሚዎችን እግራቸውን በማጠብና በማከም ብቻ ሳይሆን ጫማ ሰፊ አድርጎ በማሠልጠን ጭምር ስንቱን ወደ ሥራው መልሷል።

ሕዝቡ ግን ምን ይል ነበር? እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ ይጋባል። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ከሠርግ ቀረ፣ ስንቷ ልጅ ሳታገባ ቀረች፣ ስንቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። እዚህ ላይ «ያልተማረ ሕዝብ» ብሎ ማላገጥ የሚዳዳው ካለ ትንሽ ይታገሥ። በዚሁ በእኛ አካባቢ የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ነበር። ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያስቡ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቢያንስ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ነበራቸው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ኮሌጅ የበጠሰ ሰው ነው እንግዲህ። ሳይንስን በቪዲዮ ማስተማር የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ቁጥር ቢያስቡበት ደግ ነው። ያ ቪዲዮ ለሰባት ዓመት ልጅም፣ ለሰባ ዓመት አዛውንትም፣ ለነርሱም ያስፈልጋል።

ደግሞ የበለጠው አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ላይ ከሚከበሩት የሕክምና መጽሔቶች አንዱ የሆነው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ከወላይታ ሰዎች በተወሰደ ናሙና የተሠራ የዘረመል ጥናት አወጣ። ጥናቱ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳየ። ታዲያ «የዘር ነው» ያሉት አያቶቻችን ከሜዳ ተነስተው አልነበረም የተናገሩት፤ በሽታው በአንድ ቤተሰብ ሲደጋገም አይተዋል፣ ትዝብታቸው ትክክል ነበር። የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ ነው፦ ተጋላጭ የሆነውም ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ይህ እንዴት ያለ ውብ ታሪክ ነው! ትዝብት አለ፣ ጥርጣሬ አለ፣ ማስረጃ አለ፣ መፍትሔ አለ። ፊልም ለመሆን ምን ይጎድለዋል? ደሙን የሰጠው የወላይታ ሰው ነው። ውጤቱ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከአገር ርቆ ታትሞ፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እርስ በርስ ተነጋገሩበት። ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ከመጽሔቱ አውጥቶ ወደ ገበያ የማድረሱ ሥራ የእኛ፣ የጋዜጠኞችና የመምህራን ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከተንቀሳቃሽ ምስል የተሻለ መሣሪያ የለም።

ናዳው ሲመጣ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከጎፋ የመጣውን ዜና ማንም አይረሳም። በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ መሬት ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት፣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የቀበሌ ሹም ሳይቀር የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። ቆፍረው ሳይጨርሱ ሁለተኛ ናዳ መጣና እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በዚያው ክረምት በዚሁ በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ሕይወት ቀጠፈ።

ለወገኑ የሮጠ ሰው ጀግና ነው፤ አንድም ቃል አይወጣንም። ቃላችን ለቀረነው ነው። ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ሁለት ነገር ይሆናል። ይከብዳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውኃ ደግሞ ሰበቃውን ይቀንሰዋል፣ እርስ በርስ መያያዝ ያቅተዋል። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ የላይኛው ቁልቁለት ድጋፉን ያጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ይከተላል። ይህ ለአንድ የምድር ሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። አስቀድሞ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ፦ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ አልዘጋ ያለ በር። ናዳ በወረደበት ቦታ የሚቆፍር ካለም አንድ ሰው ከላይ ያለውን ቁልቁለት እየተመለከተ መቆም አለበት።

ይህ እውቀት የት ነው ያለው? በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ባሕር ማዶ ባለ ተራራ ፎቶ ሥር። ተራራማ አገር ላይ የሚኖር ሕዝብ፣ በየክረምቱ ሰማዩ የሚቀደድበት ሕዝብ፣ በቋንቋው የተሠራ፣ የራሱን ቁልቁለት የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ግንቦት ላይ በስልኩ ሊደርሰው ይገባል። ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው?

ስክሪን መስቀልና ማስተማር

«መንግሥት እኮ በቴሌቪዥን ሲያስተምር ነው የኖረው» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ ፕላዝማ። በ1997 ዓ.ም. ግድም በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስክሪን ተሰቀለ፤ ሳተላይት ትምህርቱን ያዘንብ ጀመር። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል፣ ጊዜ ከተረፈው። ተማሪው «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢል ስክሪኑ አይሰማም። «ጥያቄውን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አላችሁ» ይላል፤ ደብተር ሳይገለጥ ደቂቃዋ ታልቃለች። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ፊዚክስ አብሮ ሄደ።

ከእኛ መካከል በዚያ ሥርዓት ጭራ ላይ የደረስን አለን። ስክሪኑ በብረት ሳጥን ተቆልፎ አቧራ ለብሶ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ፕላዝማን የገደለው ምስል መሆኑ አይደለም። የሚናገረው ከማን ጋር እንደሆነ ሳያውቅ መናገሩ ነው። የተመልካቹን ቋንቋ፣ ፍጥነት፣ አፈርና ጥያቄ ሳይጠይቅ ሳጥን ገዝቶ ማከፋፈል ትምህርት አይሆንም። ይህ ልማድ ግን አልለቀቀንም። ዛሬም ሳይንስን ስናስብ የሚታየን ሕንፃና መሣሪያ ነው። መስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሳይንስ ሙዚየም ተመረቀ፤ ያማረ ነው፣ እንኳን ተሠራ። ሆኖም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ የቦሎሶ ልጅ ሙዚየሙን የሚያየው ዜና ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ለዚህ ውጤት መቶ ምክንያት አለው፤ ስክሪን ማነስ ግን ከመቶው አንዱ አይመስለንም።

የሚሠራ መንገድ እንዳለ ደግሞ አይተናል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም አስታውሱት። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በእጅ በተሠሩ አሻንጉሊቶች፣ በአማርኛ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና፣ ስለ ዕለት ተዕለት ነገር ለሕፃናት ማስተማር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ሚዲያ ሽልማት አገኙ። ብዙ ሚሊዮን አልፈጀባቸውም፤ ተመልካቻቸውን ያውቁታል። ሁለተኛው ምሳሌ ዲጂታል ግሪን ነው። ከሕንድ የተነሳው ይህ ድርጅት በ2000ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ከግብርና ባለሙያዎች ጋር አርሶ አደሩ ራሱ የሚተውንባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በየቋንቋው አዘጋጀ፤ በቀድሞው ደቡብ ክልል ጭምር። መብራት በሌለበት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ በየመንደሩ አሳየ። የድርጅቱ መሥራች ደጋግሞ የሚያነሳው ትዝብት አለ፦ ገበሬ ቪዲዮ አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዘዴው ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው። ስሙ ማን ነው? ከየት መንደር ነው? እኔን የመሰለ ሰው ካደረገው እኔም አደርገዋለሁ ማለቱ ነው።

«ሳይንቲስቶች ተደናገጡ!»

በሌላ በኩል የዩቲዩብና የቲክቶክ ገበያ አለ። እዚያማ የአማርኛ «ሳይንስ» ሞልቷል። «ሳይንቲስቶችን ያስደነገጠው ግኝት»፣ «ናሳ የደበቀው ምስጢር»፣ «ይህን ካዩ በኋላ እንቅልፍ አይወስድዎትም»። ከውጭ የተቆረጠ ምስል፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከዊኪፔዲያ በጥድፊያ የተተረጎመ ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ «ላይክና ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሳ»። ማን አገኘው? እንዴት አወቀ? በምን ለካው? አንዱም የለም። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሟርት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ምንም ቢሆን ፍላጎት ይቀሰቅሳል» ይሉናል። አንስማማም። ሳይንስ መደነቅ ብቻ አይደለም፤ ከመደነቅ ቀጥሎ «እስቲ ልሞክረው» የሚል ነገር መምጣት አለበት። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1825 ለንደን ላይ ለወጣቶች የገና ንግግሮችን ጀመረ። ኋላ በዓለም የታወቀበት ንግግሩ ስለ ምን ነበር? ስለ ሻማ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ቤቱ ስላለው ሻማ። ሰሙ ለምን ይቀልጣል፣ ነበልባሉ ለምን ሽቅብ ይሄዳል፣ ጭሱ ምንድን ነው። ከዚያች ሻማ ተነስቶ ኬሚስትሪን በሙሉ አስጎበኛቸው።

የእኛ ሻማ ሞልቷል። እናቶቻችን እንሰት ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ አየር እንዳይገባው አፍነው ጉድጓድ ውስጥ የሚቀብሩት ቆጮ ባክቴሪያዎች ሳምንታት የሚደክሙበት ፋብሪካ ነው። አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ የሚያበላሹትን ጀርሞች ያባርራል፤ ምግቡ ለወራት ይቆያል። ይህን የምታውቅ እናት ማይክሮባዮሎጂን ታውቃለች፤ ስሙን ነው ያልነገሯት። የሸክላ እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በትነት ነው። የጊፋታን ቀን ጨረቃ ቆጥረው የሚያወጡ አዛውንቶች ሥነ ፈለክ ይሠራሉ። ዳሞታ ወገብ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ ዋሻ ውስጥ ወደ 50 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ናሳ ከደበቀው ምስጢር ይልቅ ዳሞታ የደበቀው አይበልጥም?

በየትኛው አፍ?

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክርክር የሚነሳው። «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ከወዲሁ በእንግሊዝኛ ይልመድ» ይሉናል። ይህን የሚሉት ለልጆቻቸው የሚያስቡ ወላጆች ናቸውና አንንቃቸውም። ግን በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ተጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበ ሰፊ ጥናት ያገኘው ተቃራኒውን ነው፦ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ውጤታቸው ይበልጥ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ስለ ሰበቃ የማያውቅ ልጅ የሰበቃን እንግሊዝኛ ስም ሸምድዶ ምን ያደርገዋል? አስቀድሞ ነገሩ ይግባው፤ ስሙ በኋላ ይደርሳል።

ሶዶ ደግሞ ስለ ቋንቋ ሊነገራት የማይገባ ከተማ ናት። በ1991 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የተባለ ከአራት ቋንቋ የተቀየጠ ሰው ሠራሽ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ። ያ ትውልድ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲማሩ ደሙን አፍስሷል። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ ስለ ራሳቸው አፈር እንኳ ሊያውቁ ሲፈልጉ በባዕድ ቋንቋ የሚፈልጉት ለምንድን ነው? ከልካይ የለም፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ የለም። የጠፋው የሚሠራው ሰው ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ዳቦ»

ሌላው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ እናንተ ስለ ቪዲዮ ታወራላችሁ»። እስቲ ስለሚበላው እናውራ። እንሰትን የሚያደርቀው አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በአገራችን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ካስተዋወቁት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉ ናቸው። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ከሚሄድባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከቆረጠ የጓሮው እንሰት በሙሉ አደጋ ላይ ነው። መከላከያው? ቢላዋውን እሳት ማስነካት፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር። እዚሁ ወላይታ ውስጥ ያለው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ ይዟል፤ እውቀቱም ባለሙያውም ከሶዶ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። እንሰት ደግሞ የድርቅ ጊዜ መድኅን ነው። ስለዚህ የቢላዋው ቪዲዮ ዳቦ ነው። የጫማው ቪዲዮ ዳቦ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመጽሐፍ ወዳጆች ነው፦ ቪዲዮ ያደነዝዛል፣ ልጅ እንደተጋደመ ያስቀረዋል። በከፊል እውነት ነው፤ እንዲያ የሚያደርግ ቪዲዮ አለ። እኛ የምንጠይቀው ግን መጨረሻው ላይ ተመልካቹን የሚያስነሳውን ነው። «አሁን ስልክህን አስቀምጥና ሃይላንድ ፈልግ» የሚለውን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ስለ አፈሩ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ በሽታው በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስለ ወላይታ የተጻፈ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ጋር ይቅረብ፤ በወላይትኛና በአማርኛ፣ እናቱ አይታ በምትረዳው መልክ። እናቱ ካልገባት ይመለስና ይድገመው። የፊዚክሱ ተማሪ ሳይንሱን፣ የጋዜጠኝነቱ ተማሪ ካሜራውን ይያዝ። ካሜራ ሲባል ስልክ ማለታችን ነው።

ኢንተርኔት ውድ ነው? እናውቃለን። ለዚህ ከተማው ራሱ መልስ አለው። ዘፈንና ትርጉም ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ የሚሞሉት ሱቆች ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ሁምቦ ሁሉ አሉ። ከፊልሙ ጋር አምስት ደቂቃ በነፃ ቢጨምሩ ማንም አይቀየምም። ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ያሳያሉ፤ ግንቦት ላይ ስለ ናዳ ቢያሳዩስ? ጤና ጣቢያ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድራማ ከሚያሳይ ስለ እግር ቢያሳይስ? ጊፋታ ሲከበር ሕፃን አዋቂው አንድ ላይ ነው፤ ለሁሉም ዕድሜ የተሠራ ነገር ከዚያ የተሻለ አዳራሽ አያገኝም።

ለሚሠሩትም ሕግ ይኑር። አንድ፣ የሚታየው እዚሁ የተቀረጸ ይሁን። ሁለት፣ ከመለቀቁ በፊት የሙያው ሰው ይየው። ሦስት፣ «እንዴት አወቅን?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቪዲዮው አያልቅ። አራት፣ ተመልካቹ በገዛ እጁ የሚሞክረው ነገር ይሰጠው። አምስት፣ «ሳይንቲስቶች ተደናገጡ» ያለ ከመሃላችን ይውጣ።

ይህን የምናነብ ሁላችን ስልክ አለን፤ ከተማ ነን፣ ወጣት ነን፣ ጊዜ አለን። በቀን ስንት ሰዓት ወደታች ስንጠርግ እንደምንውል እንተዛዘናለን። ከመካከላችሁ ባዮሎጂ ያጠናችሁ፣ ጂኦሎጂ ያጠናችሁ፣ ድምፃችሁ ያማረ፣ ወላይትኛችሁ የጠራ፣ ሥዕል የምትሞክሩ፣ ኤዲቲንግ የምትችሉ አላችሁ። አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ስለ እግር ይሁን። ሁለተኛው ስለ ቢላዋ። ሦስተኛው፣ ክረምት ሳይገባ፣ ስለ ናዳ። ጁፒተር ይቆየን፤ የትም አይሄድም።

ቸር ይግጠመን።